የቤት ጉዳይ፤ «ሰባ አምስት» የሚባለውን የጂንና የሻምፓኝ መጠጥ በቆላ አገር ስለ ማሰናዳት

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዐምድ ቅቤ በቆላ አገር ሳይበላሽ ስለሚቀመጥበት ዘዴ ተናግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ የምንናገረው ቀላል መስሎ ስለሚታይ፣ ሲሠሩት ግን ብዙ ጥንቃቄ ስለሚፈልግ ነገር ነው፤ ይኸውም ከጂን፣ ከሎሚ፣ ከስኳርና ከሻምፓኝ ተቀላቅሎ የሚሰናዳው፣ ፈረንጆች «ሰባ አምስት» ብለው የሚጠሩት መጠጥ ነው።

«ለነገሌ ቦረና ሻምፓኝ ምኗ ነው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም ቀድሞ ይህንኑ እንል ነበር። ነገር ግን በዛሬው ጊዜ ከባሕር ማዶ የሚመለስ ዘመድ በሻንጣው አንድ ጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ሠርግ ለደገሰ፣ ሹመት ላገኘ፣ ልጁን ላስመረቀ ሰውም አንድ ጠርሙስ ይበረከትለታል። ጠርሙሱም በቡፌው መስታወት ውስጥ ከሠርጉ ፎቶግራፍ አጠገብ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት ይቆማል። በመጨረሻ አንድ ቀን በቀትር ይከፈትና እኩሌታው ጣራውን አጥቦ፣ የቀረው ለብ እንዳለ በየብርጭቆው ይታደላል፤ እንግዳውም ፊቱን ሳያጨማድድ ለመዋጥ ይታገላል። ይህን በነገሌም፣ በያቤሎም፣ በሞያሌም በየቤቱ አይተናል፤ በራሳችንም ቤት ሆኗል። ይህም የሆነው መጠጡ መጥፎ ስለ ሆነ አይደለም፤ አያያዙን ስላላወቅንበት ነው።

አስቀድመን ስሙን እንፍታ። ሰባ አምስት የመድፍ ስም ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 የፈረንሳይ ጦር አፈ ሙዙ 75 ሚሊ ሜትር የሆነ አዲስ መድፍ ተቀበለ፤ መድፉ ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚገፋውን ኀይል በዘይትና በታመቀ አየር ይቀበለው ስለ ነበር፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እንደ ገና ማስተካከል ሳያስፈልግ በአንድ ደቂቃ 15 ጊዜና ከዚያም በላይ ይተኩስ ነበር። ከ1914 እስከ 1918 በተደረገው ታላቅ ጦርነት ስሙ በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ጠጪዎችም ስሙን ወስደው ለመጠጥ ሰጡት። በኋላ በፓሪስ ዝነኛ የሆነውን «ሃሪስ ኒው ዮርክ ባር» የያዘው ሃሪ ማክኤልሆን በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ «75» የሚባል መጠጥ ይገኛል፤ ነገር ግን በዚያ ውስጥ ከጂን ጋር ያለው ካልቫዶስ የሚባለው የፖም አረቄ እንጂ ሻምፓኝ አልነበረም። ጂንና ሻምፓኝ በዚህ ስም ተጋብተው በመጽሐፍ የታተሙት በ1927 በአሜሪካ አገር ነው። የመጽሐፉም ደራሲ የብዕር ስም «ታናሹ ዳኛ» ነበር። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕግ ከልክላ በነበረችበት ዘመን በዳኛ ስም የመጠጥ መጽሐፍ መታተሙ፣ በችሎት መዝገብ ላይ ስንጽፍ ለምንውል ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ያስቀናል። በ1930 ደግሞ የለንደኑ የሳቮይ ሆቴል መጽሐፍ ተቀበለውና ዛሬ የሚታወቀውን መልክ ይዞ ቀረ።

በነገሌ ግን የመድፍ ስም በገበታ ላይ ሲነሣ ሁሉ ሰው አይስቅም። ይህች ከተማ በገናሌ ዶርያ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በውሃ ጥም ከተጐዳ በኋላ፣ በጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ በግራዚያኒ ጦር እጅ ወድቃለች፤ ሰውየውም በኋላ «የነገሌ ማርኪዝ» ተብሎ በስሟ ማዕርግ ተሰጥቶታል። ስለዚህ እኛ በቤታችን መጠጡን «የሎሚ ሻምፓኝ» ማለት ጀመርን። ይህም የስም ለውጥ ምን እንዳመጣብን ወደ ፊት እንናገራለን።

ወደ ዕቃው እንመለስ። ጂን የሚባለው አረቄ ሽታውን የሚያገኘው ከጥድ ፍሬ ነው። (ስሙ በአገራችን ጆሮ ከርኩስ መንፈስ ስም ጋር ስለሚገጥም ባለቤታችን መጀመሪያ ስትሰማው አማትባለች።) አንድ ወዳጃችን ይህን ከሰማ በኋላ፣ «በነገሌ ዙሪያ፣ በአሬሮና በያቤሎ ያለው ደን ሁሉ ጥድ አይደለምን? ለምን ገንዘብ እናወጣለን? ፍሬውን ለቅመን በአረቄ እንዘፍዝፈው» ብሎ ነበር። ነገሩ ብልሀት ይመስላል፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። ለጂን የሚሆነው ጥድ ዩኒፐሩስ ኮሙኒስ የሚባለው በአውሮፓና በሌላውም የሰሜን አገር የሚበቅለው ነው፤ የእኛ የሐበሻ ጥድ ደግሞ ዩኒፐሩስ ፕሮሴራ ይባላል። ወንድማማች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም፤ ከጥድ ወገንም ፍሬው ሰውን የሚጐዳ አለ። ስለዚህ ጥዱን ለቤት ምሰሶና ለጥላ ትተን፣ ጂኑን ከታመነ ሱቅ እንግዛ። በአገራችን ጂን የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ፤ ጥሩ ሎሚ ካለ የእነርሱ ጂን ለዚህ መጠጥ አያንስም። በድንበር በኩል በድብቅ የሚገባውን፣ ማኅተሙ የተነካውን፣ ጽሑፉ የተላጠውን ጠርሙስ ግን በነጻ እንኳ ቢሰጠን አንቀበል። ሜታኖል የሚባለው መርዝ የገባበት መጠጥ ዐይን ያሳውራል፣ ይገድላልም፤ በሽታና በጣዕምም አይለይም።

ሎሚን በተመለከተ የፈረንጅ መጽሐፍ ትልቁንና ቢጫውን፣ ልጣጩ ወፍራም የሆነውን ሎሚ ያዝዛል። በገበያችን የሚገኘው ትንሹ አረንጓዴ ሎሚ ኀይለኛ ነው፤ ስለዚህ መጽሐፉ 15 ሚሊ ሊትር ሲል እኛ 12 ብናደርግ ይበቃል። ሎሚው በዚያው ቀን ይጨመቅ፤ ያደረ የሎሚ ጭማቂ ምሬት ያመጣል። ፍሬውንም በማጥለያ እናስቀር።

ስኳሩ እንዲሁ በደረቁ አይገባም፤ በቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ አይሟሟምና። አንድ ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ የፈላ ውሃ አሟሙቶ ማቀዝቀዝ ነው። ስኳር ከጠፋ ወይም ከተወደደ ግን ማር አለ፤ በእውነቱ ከሆነ እኛ ማሩን እንመርጣለን። አንድ እጅ ማር በአንድ እጅ ለብ ባለ ውሃ በጥብጦ፣ ሰፈፉን በስስ ነጠላ ማጥለል ነው። ያን ጊዜ መጠጡ የብርዝ ዘመድ ይሆናል፤ የአገራችንም ሰው አፍ ፈጥኖ ይለምደዋል። የደን ማር ግን ሽታው ብርቱ ስለ ሆነ ከስኳሩ ጥቂት ይቀነስ።

ስለ ሻምፓኙም አንድ ነገር እንበል። በሕግ ሻምፓኝ ሊባል የሚገባው በፈረንሳይ አገር ሻምፓኝ በተባለው አውራጃ የሚሠራው ብቻ ነው፤ የኢጣልያው ፕሮሴኮና ስፑማንቴ፣ የስፔኑም ካቫ ስማቸው ሌላ ነው። እኛ ግን አረፋ ያለውን የወይን ጠጅ ሁሉ ሻምፓኝ ማለት ለምደናል፤ ለዚህም ሥራ ሁሉም ይሆናሉ። ከስሙ ይልቅ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቃል ማየት ይጠቅማል። «ብሩት» የሚለው ስኳሩ ጥቂት የሆነው ነው፤ የሚፈለገውም እርሱ ነው። «ደሚ ሴክ» ወይም «ዶልቼ» የሚል ከሆነ ጣፋጭ ነውና ከምናሰናዳው የስኳር ውሃ እኩሌታውን እንቀንስ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፤ እርሱም ቅዝቃዜው ነው። ሰባ አምስት ያለ ቅዝቃዜ መጠጥ አይባልም፤ የሞቀ ሻምፓኝ በብርጭቆው ላይ አይቆይም፣ አረፋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ያልቃልና። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች ሌሊቷ ይረዳናል። ሞያሌ ያለ ሰው ወደ 1,100 ሜትር ወርዷል፤ በዶሎ በኩል በ200 ሜትር ገደማ የሚኖር ባለ ሥራ ግን የሚታዘንለት ነው፤ እዚያ ሌሊቱም ይሞቃል።

ጠርሙሱ ከአዲስ አበባ በሻሸመኔና በክብረ መንግሥት በኩል ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ሲንገጫገጭ ከርሞ ይደርሳል። በደረሰበት ቀን መክፈት ጥፋት ነው። በውስጡ የታመቀው ጋዝ በቀዝቃዛ ቦታ ሳለ እንኳ ከአየር ግፊት 5 ወይም 6 እጥፍ ነው፤ ይኸውም የመኪና ጎማ ከሚሸከመው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ግፊቱ ይጨምራል፤ መናወጥ ሲጨመርበት ደግሞ ሲከፈት እንደ ምንጭ ይፈላል። ስለዚህ ጠርሙሱን ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን በጨለማ ቦታ፣ በምድር ወለል ላይ፣ አልጋ ሥር እንኳ ቢሆን፣ እናሳርፈው። በመስኮት አጠገብ ያለው ቡፌ የሻምፓኝ ቦታ አይደለም፤ ፀሓይ ያበላሸዋል።

ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ጠርሙሱን አራት ሰዓት ያህል ያስቀምጠው። መብራት በሄደ ጊዜስ? ይህ በየሳምንቱ የምንጠየቀው ጥያቄ ስለ ሆነ ሁለት መንገድ እንነግራለን።

የመጀመሪያው የእናቶቻችን የእንስራ ጥበብ ነው። እንስራ ላቡን ሲያወጣ ውሃው እንደሚቀዘቅዝ ሁሉም ያውቃል፤ ምክንያቱም ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሙቀቱን ከዕቃው ይዞ ስለሚሄድ ነው። ጠርሙሱን በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁን አርጥቦ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት በረንዳ ማቆም፤ ከጠርሙሱ ሥር ውሃ ያለበት ሣሕን ማኖርና የጨርቁን ጫፍ በውሃው ውስጥ መንከር፤ ጨርቁም ራሱ እየሳበ ይረጥባል። ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት በዚህ ብቻ ጥሩ ለውጥ ይገኛል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የዝናብ ወራት ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ስለ ሆነ ጨርቁ ብዙ አይረዳም።

ሁለተኛው በረዶና ጨው ነው፤ ፍጻሜው ያለው በዚህ ነው። በረዶ ብቻውን አይበቃም፤ ጨው ሲገባበት ግን በረዶው ፈጥኖ ይቀልጥና ቅዝቃዜው ውሃ ከሚረጋበት ደረጃ በታች ይወርዳል። ለዚህም አገራችን የተባረከች ናት፤ በዱብሉቅ አቅራቢያ ካለው ከኤል ሶድ ጉድጓድ፣ ሰዎች በእግራቸው ወርደው በአህያ የሚያወጡት ለከብት የሚሆነው ጥቁር ጨው ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ጥሩውን የገበታ ጨው ማባከን አያስፈልግም። በአንድ ባልዲ በረዶ ላይ ሁለት እፍኝ ጨው በትኖ፣ በረዶው ጠርሙሱን በሁሉም በኩል እንዲነካው ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሮ፣ ጠርሙሱን እስከ አንገቱ መክተት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ግን አይቆይ፤ ሊረጋና ጠርሙሱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ይህ በረዶ ወደ ብርጭቆ የሚገባ እንዳይመስል ለቤት ሠራተኞች አስቀድሞ መንገር ይገባል፤ አንድ ጊዜ በቤታችን የከብት ጨው ያለበት ጂን ለአንድ የተከበሩ እንግዳ ቀርቦ፣ እንግዳውም የፈረንጅ ልማድ መስሏቸው ዝም ብለው ጠጥተዋል።

ስለ አከፋፈቱ በአጭሩ። የሽቦውን ልጓም ስድስት ጊዜ በግማሽ በግማሽ ዙር መፍታት፤ ከዚያ ወዲያ አውራ ጣት ከቡሹ ላይ አይነሣ። ጠርሙሱን ወደ ሰውም፣ ወደ አምፑልም፣ ወደ ሥዕልም ሳይሆን ባዶ ወደ ሆነ ግድግዳ ማዘንበል፤ ቡሹን በፎጣ አጥብቆ ይዞ የሚዞረውን ጠርሙሱን ማድረግ ነው። በደንብ የተከፈተ ጠርሙስ እፎይ ይላል እንጂ አይጮህም። ቡሽ ማስፈንጠር የልጆች ጨዋታ ነው፤ ዐይን ያጠፋል።

ልኩ ለአንድ ብርጭቆ ይህ ነው፤ ጂን 30 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 15 (በእኛ ሎሚ 12)፣ የስኳር ውሃ 15፣ ሻምፓኝ 60። የአረቄ መለኪያችን በየቤቱ ይለያያልና አይታመንም፤ ከሽሮፕ መድኀኒት ጋር የሚመጣው ቍጥር ያለበት ትንሽ ኩባያ በደንብ ታጥቦ ከሁሉም ይሻላል። ጂኑን፣ ሎሚውንና የስኳሩን ውሃ ክዳኑ በሚገጥም የማርማላታ ጠርሙስ ከበረዶ ጋር አድርጎ፣ እስከ 12 እየቈጠሩ በኀይል መናጥ፤ ቅቤ የናጠ ሰው ትምህርት አያስፈልገውም። ከዚያ በረዶውን አስቀርቶ በቀዘቀዘ ረጅም ብርጭቆ መቅዳትና ብርጭቆውን አዘንብሎ ሻምፓኙን በዝግታ ማፍሰስ ነው። ሻምፓኙ አይናጥም። በማንኪያ አንድ ጊዜ ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል። አንድ ወዳጃችን በብርሌ ሊያቀርበው ሞክሮ ነበር፤ መልኩ እጅግ ያምር ነበር፣ ነገር ግን አረፋው በጠባቡ አንገት ሽቅብ ወጥቶ የገበታውን ጨርቅ አጠበው።

እዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ከሠራን በኋላ የደረሰብንን እንናገር።

አንድ ዳኛ ወዳጃችን ወደ ሌላ ከተማ በተዛወረ ጊዜ በቤታችን የስንብት ግብዣ አድርገን ነበር። ለሽኝቱም ምርቃት አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ጠራን፤ አባታቸው ከራስ ደስታ ጦር ጋር የዘመቱ ናቸው፤ እኒህ ሽማግሌ ሳይመርቁት ከዚህ ከተማ የሄደ ሹም የለም ይባላል። ያን ቀን ቅዝቃዜው ሠምሮልን ነበር። ልኩን ግን በዐይናችን እያየን ቀዳን፤ እንግዳ ለማክበር ሲባል እጅ ይረዝማልና። የመድፉን ስም እንዳናነሣባቸውም «የሎሚ ሻምፓኝ ነው» ብለን አቀረብንላቸው።

«ልጄ፣ እንዴት ያለ መልካም የሎሚ ውሃ ነው!» አሉ። እውነትም ይመስላል፤ ሎሚውና ስኳሩ አረቄውን ይሸፍኑታል፣ ቅዝቃዜው ማቃጠሉን ያጠፋል። ምሳ ገና አልቀረበም ነበር። አንዱን ጨርሰው ሁለተኛ ጨመርንላቸው፤ ሦስተኛውን ራሳቸው ጠየቁ። እኛም ደስ አለን።

የምርቃቱ ጊዜ ደርሶ ሁሉም ሲነሣ፣ እርሳቸውም ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ከዘራው ተንሸራተተ። ያዝናቸውና ቆሙ፤ «አምላክ...» ብለው ጀመሩ፤ ቃሉ ጠፋባቸው። ደግመው ጀመሩ፤ ደግሞም ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ሁሉ በዐይናቸው ዞረው አይተው ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ እስከ ምሽትም አልተናገሩም። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻል ነበር። ወዳጃችን ሳይመረቅ አደረና ጎሕ ሲቀድ መንገድ ጀመረ።

በማግሥቱ ጠዋት ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እግራቸውን ልንስም ጐንበስ ስንል ከለከሉንና፣ «ስንት መለኪያ አረቄ ነበረበት?» አሉ። ነገርናቸው። «ልጄ፣ አረቄ ነው ብትለኝ ኖሮ አንድ መለኪያ ጠጥቼ በቃኝ እል ነበር። ስልሳ ዓመት ስጠጣ ልኬን አውቃለሁ። አንተ ግን ስሙን ደበቅህብኝ» አሉ። የምንመልሰው አልነበረንም። ጥቂት ቆይተው፣ «ያ ልጅ አሁን የት ደርሷል?» ብለው ጠየቁ። በስልክ ብንጠራው በክብረ መንግሥት ቁርስ ሊበላ ቆሟል። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው እዚያው በረንዳው ላይ መረቁት፤ እርሱም በወዲያኛው በኩል በቁርስ ቤቱ ጫጫታ መካከል አሜን ሲል ይሰማን ነበር።

ወደ ቤት ተመልሰን ሒሳቡን በወረቀት ሠራነው፤ አንባቢም ይሥራው። ጂን ከመቶው 40 እጅ አልኮል ቢሆን፣ በ30 ሚሊ ሊትር ውስጥ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ፤ ሻምፓኝ ከመቶው 12 ቢሆን በ60 ሚሊ ሊትር ውስጥ 7 ያህል አለ፤ ድምሩ 19 ነው። ከመቶው 5 የሆነ አንድ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 16 ተኩል አለው። ስለዚህ ልኩ ሳይዛነፍ እንኳ አንዲቱ ቀጭን ብርጭቆ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ ትበልጣለች፤ ቢራውን ግን ሰው በግማሽ ሰዓት ይጠጣል፣ ይህችን በሦስት ጕንጭ። ጋዝ ያለበት መጠጥም አልኮሉ ፈጥኖ ወደ ደም እንዲገባ ሊያደርግ ይችላል፤ ሆድ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብስ። እኛ ያን ቀን በዐይን የቀዳነው ጂን 45 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ያን ጊዜ አንዱ ብርጭቆ ከ25 ያልፋል። ሽማግሌው በሦስቱ ብርጭቆ የጠጡት ንጹሕ አልኮል 75 ሚሊ ሊትር ሆኖ አገኘነው። ከስሙ ጋር መግጠሙን ግን በዚያ ሳምንት ለማንም አልተናገርንም።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚደረገው እንዲህ ነው። ሣሕኑን የያዘው ሰው ለእያንዳንዱ እንግዳ ሲያቀርብ፣ «ጂንና ሻምፓኝ ነው፤ አንዱ ከአንድ ቢራ ይበልጣል» ብሎ ይናገራል። መጀመሪያ እንደ ነውር ታይቶ ነበር፤ እንግዳን ማስፈራራት ነው ያሉንም አሉ። አሁን ግን ተለምዷል፤ አንዳንዱ ሰምቶ ይወስዳል፣ አንዳንዱ ሰምቶ ይተዋል። ከምግብ በፊት አይቀዳም፤ ቆሎና ቋንጣ ቢያንስ መቅረብ አለበት። ምርቃት ካለ ምርቃቱ ይቀድማል። መኪና የሚነዳ እንግዳ ፈጽሞ አይሰጠውም፤ በዚህ አገር መንገድ ሌሊት ግመልና ከብት ይተኛበታል። አዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ሻጭ የተከለከለውን እኛ በቤታችን በነጻ ማደሉ አይገባንም፤ ስለዚህ «ቅመስ እስቲ» እየተባለ ለወጣት የሚሰጠውን ጕንጭ አስቀርተናል።

የማይጠጣውስ? በነገሌ ገበታ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ እስላሞች ናቸው፤ በሃይማኖታቸው ትምህርት መጠጥ የተዉ ጴንጤዎችም አሉ፤ መድኀኒት የሚወስድም አለ። ለእነርሱ የሞቀ ለስላሳ በጠርሙሱ አቅርቦ ለሌላው ያማረ ብርጭቆ መስጠት፣ እንግዳን ከእንግዳ መለየት ነው። እኛ የምናሰናዳው ይህ ነው፤ የማር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር፣ የሎሚ ጭማቂ 12፣ በበረዶ ተንጦ በረጅም ብርጭቆ ይቀዳና በላዩ በደንብ የቀዘቀዘ አምቦ ውሃ ይሞላበታል። አረፋውም፣ መልኩም ከዚያኛው አያንስም፤ ባለቤታችን እንዲያውም ከዚያኛው ይበልጣል ትላለች፤ እኛም በሙቀት ቀን አንከራከራትም። ነገር ግን ሁለት ነገር መጠበቅ አለበት። ብርጭቆዎቹና የማርማላታው ጠርሙስ አረቄ ገብቶባቸው የማያውቁ ይሁኑ፤ ለብቻቸውም ይቀመጡ። መጠጦቹ ስለሚመሳሰሉም በአንድ ሣሕን አይቅረቡ፤ አምቦ ያለበት ላይ የናና ቅጠል፣ ጂን ያለበት ላይ የሎሚ ልጣጭ ይደረግ። ይህም ቀርቶ በስሕተት ቢለዋወጥ፣ በአንድ ጕንጭ የአንድን ሰው የዘመን ጥንቃቄ እናፈርሳለን።

የተረፈውን በተመለከተ፤ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በዚህ ልክ 12 ብርጭቆ ያህል ይወጣዋል፤ ስለዚህ እንግዳው አራት ከሆነ ትርፍ አለ። በጠርሙሱ አፍ ላይ የብር ማንኪያ ማንጠልጠል አረፋውን ያቆያል የሚባለው ከንቱ ነው፤ እኛም ሞክረነዋል። የሚያቆየው ቅዝቃዜና ጥብቅ ክዳን ነው፤ በዚህም ቢሆን ከአንድ ቀን አያልፍም። ቡሹ ካበጠ በኋላ ተመልሶ አይገባም፤ በሱቅ የሚሸጠው መንጋጋ ያለው የሻምፓኝ ክዳን ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ግን አንታገል። አረፋው የጠፋውን ባለቤታችን የፍየል ሥጋ ትዘፈዝፍበታለች፤ ከነጭ ሽንኵርትና ከጥቂት ሮዝመሪ ጋር ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በከሰል ላይ ይጠበሳል።